ከውኃው ያሸሸኋት ልጄ

ይህን የማወራው ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ እጇ አልታዘዝ ላላት ሴት ነው። ወንዱም ይስማ፤ ግን ሐኪሞቹ እንደሚሉት ይሄ በሽታ የሚበረታው በእኛ በሴቶቹ ላይ ነው። ሰዓዳ እባላለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ነው የሰፈሩት፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ታመምኩ። ጣቶቼ እስክሪብቶ ስለማይይዙ የምናገረውን የምትጽፍልኝ ልጄ ሀያት ናት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ «ይሄ እንኳን ይቅር እማ» ትለኛለች። አይቀርም። ጻፊ ብያታለሁ፣ ትጽፋለች።

እኛ ሰፈር በጋ ሲገባ እርሻው ያርፋል፣ ሴቱ ወደ ወርቅ ይወጣል። ወርቅ ስል ቀለበትና ሐብል እንዳይመስላችሁ፤ አሸዋ ውስጥ ያለ፣ ዓይን ካልለመደው የማይታይ ብናኝ ነው። ያስተማረችኝ ነፊሳ ናት። ነፊሳ የበርታ ሴት ናት፣ ጎረቤቴ፣ ከወንዝ ጋር ያደገች። ገበቴው እንዴት እንደሚሽከረከር፣ ውኃው አሸዋውን ጠርጎ ወርቁን እንዴት ታች እንደሚያስቀረው ያሳየችኝ እሷ ናት። እስከ ጉልበታችን ውኃ ውስጥ ገብተን እንውል ነበር። ጠዋት ውኃው ይቆነጥጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወገብ ይገነጥላል። እንሳሳቃለን፣ እንሰዳደባለን፣ ማታ የያዝነውን ይዘን እንገባለን።

በኋላ ድንጋይ የሚፈጭ ወፍጮ መጣ። ወንዶቹ ከጉድጓድ ድንጋይ ያወጣሉ፣ ወፍጮው እንደ በቆሎ ይፈጨዋል፣ ሴቶቹ ዱቄቱን በወንፊት ይነፋሉ። ጥላ አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ከውኃ ጋር መታገል የለም። ሥራ ከተባለ ይሄ ነው ብዬ ወንዙን ትቼ እዚያ ገባሁ። ማታ ስመለስ ሽፋሽፍቴ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ ባለቤቴ ሁሴን «አሮጊት አገባሁ እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፣ አለቀ። ወደ ውስጥ የገባው አይታጠብም፤ ያንን ማን ነግሮን!

ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉኝ። ሁለቱም እጄ እኩል ነው የጀመረው፤ ይሄንን ልብ በሉልኝ። የአንጓዎቼ ሥር አበጠ፣ ሞቀ። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ማማሰያ መያዝ ያቅተኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀኛል። ስለሚለቀኝ ናቅሁት። ቀጥሎ የእግሬ ጣቶች ሆኑ፤ መሬት ስረግጥ ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠጠር የለም። ከዚያ ትኩሳት ትኩሳት ይለኝ ጀመር፣ ምግብ ጠላሁ፣ ልብሴ ሰፋኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደም ተመረመረና ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ምንም። ተመልሼ ሄድኩ፣ አሁንም ታይፎይድ። አሶሳ ወርጄ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ እዚያ ያየኝ ሰው ሪህ ነው፣ ሥጋ አቁሚ አለኝ። ከዒድ እስከ ዒድ ሥጋ የማላይ ሴት ምኑን ነው የማቆመው? ሳልሰድበው ወጣሁ፤ ዛሬ ዛሬ ይቆጨኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ መርፌ ወጉኝ፤ መርፌው ለጥቂት ቀን አሳረፈኝና ሕመሙ ዕጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ላሚቱ ተሸጠች። ሁሴንን በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ብዙ ጊዜ አየሁት።

ሰፈሩ ግን ሐኪም አላስፈለገውም፤ ገና ከመጀመሪያው ውኃ ነው ብሎ ፈርዷል። የወሎ ሽማግሌዎች «ብርድ ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት ውኃ ውስጥ ቆማ ምን ትሁን» አሉ። ነፊሳም እጄን ይዛ እያገላበጠች፣ «ሰዓዳ፣ ውኃ ነው። ውኃ ድሮ አጥንት ገባ፣ አሁን ወጣ። ማሌሽ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። በበርታና በወሎ ሰው መካከል ክርክር ያልተነሳበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። እናቴም ጣቶቿ ተጣመው ነው ያረፈችው፤ የእሷንም ቁርጥማት ነው፣ የደጋው ውርጭ ነው ብለን ነበር የቀበርናት።

ሀያት ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ አልመጣላትም፤ ቤት መቀመጥ ሰልችቷት ከነፊሳ ጋር ወንዝ ልውረድ አለች። አንድ እግሯን ውኃ ውስጥ ብታስገባ ልጄ አይደለችም ብዬ ማልኩ። እጇን ይዤ ወፍጮው ጋ ወሰድኳት፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፣ ወንፊቱን ሰጠኋት። ደረቅ ቦታ፣ ጥላ ያለበት። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በልጄ ዕድሜ ላይ ዕድሜ የጨመርኩ መስሎኝ ነበር።

እኔ ግን እየባሰብኝ ሄደ። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ሽንት ቤት ሀያት ትወስደኝ ጀመር። ሌሊት አንሶላው ሲነካኝ ያመኛል፤ ሁሴን ሲገላበጥ አልጋው ይነቃነቅና እንባዬ ይመጣል፤ እንዳይሰማኝ ብዬ ሻሼን እነክሳለሁ። በጨለማ የማስበው ሞትን አልነበረም፤ ሳልሞት ለብዙ ዓመት እንደዚህ መተኛትን ነበር የምፈራው። ሞትማ ምን አለው።

በዚህ መሀል የሁሴን እህት መጥታ ሌላ ሚስት እንዲያገባ መከረችው፣ ያውም እኔ በምሰማበት። እሱ ራሱን አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ከምክሯ በላይ አመመኝ። ማታ ላይ «አግባ» አልኩት፣ «ግን ስታገባ ጉልበት ያላትን አግባ፤ እኔንም የምታጥብ።» ወጥቶ ውጪ ቆየ። ሲመለስ ውኃ አሙቆ እግሬን አጠበኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሚስት የተነሳ ነገር የለም።

ክኒኑን ያመጣልኝ የገበያ ነጋዴ ነው። ከድንበር ማዶ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ስም የሌለው፣ ትንሽ ክኒን ነው። የቁርጥማት ነው፣ ሱዳኖቹ በዚህ ነው የሚድኑት አለኝ። ዋጥኩት። በማግስቱ ጠዋት እጄን ጨበጥኩ። ወላሂ፣ ጨበጥኩ! ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ፣ ቤቱን ጠረግኩ፣ ነፊሳ ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የጎረቤት ሠርግ ላይ ወገቤን አስሬ ጨፈርኩ፤ ሴቱ እልል አለልኝ። ሐኪሞቹን ሁሉ በስም እየጠራሁ ሰደብኩ።

ፊቴ ክብ ሆነ፣ ጉንጬ ሞላ። «ሰዓዳ አማረብሽ፣ ወፈርሽ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። እጄ ላይ ቆዳው እየሳሳ ሲነካኩት ይበልዝ ነበር፤ ሆዴን ያቃጥለኛል፤ ሽንት ያመላልሰኛል። ሕመሙ እስከሌለ ድረስ ይሄ ሁሉ ምኔ ነው? አንዱ ሲያንሰኝ ሁለት አደረግኩት። ለሰውም መከርኩ፤ ስንቷን ሴት ወደዚያ ነጋዴ እንደላክሁ አላህ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ በድንበሩ ማዶ ጦርነት ሆነ፣ ነጋዴው ጠፋ፣ ክኒኑ አለቀ። ጥቂት ቀን እንደቆየሁ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ አንድ ጠዋት ልነሳ ስል ቤቱ ዞረብኝና ወደቅሁ። የማስታውሰው ባጃጁ ውስጥ ሀያት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ሾፌሩን «ቶሎ፣ ቶሎ» ስትለው ነው። ያ ሾፌር ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያደርሰን በጀርባው አዝሎ አስገባኝ። ሂሳቡን ልስጥህ ስትለው መጀመሪያ ትዳን ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ባየሁ ቁጥር ፊቱን እፈልጋለሁ።

ስተኛና ስነሳ የቆየሁት ብዙ ነው። ውስጥ ደዌ የሚባለውን ሐኪም ለማየት ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ከቶንጎ የመጣ፣ አዳሩን ግቢው ውስጥ ያደረገ ሽማግሌ፣ ከጉባ የመጣ እጁ የተጎዳ የግንባታ ሠራተኛ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሁሉም አለ። ሻሼ ወልቆ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ከባምባሲ የመጣች፣ ኦሮምኛ የምትናገር ሴት አጠገቤ ነበረች፤ አላወራችኝም፣ ተነስታ ሻሼን በሥርዓቱ አሰረችልኝና «ጀባዱ» ብላኝ ተቀመጠች። በርቺ ማለቷ ነው። አለቀስኩ። ለዶክተሩም፣ ለመርፌውም ያላለቀስኩትን ለዚያች ሴት አለቀስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ከሌሎቹ የተለየ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት ከማየቱ በፊት ሁለቱን እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንጓ በአንጓ እየተጫነ አየ። ጠዋት ጣቴን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘኝ ጠየቀኝ፣ የእናቴን እጅ ጠየቀኝ። ራጅ አስነሳኝ። ስለ ክኒኑ ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው አለኝ፤ ሐኪም ሲያዘውና መጠኑን ሲጠብቀው የሚያድን፣ በዘፈቀደ ሲዋጥ ግን እሳቱን ሸፍኖ ቤቱን ከውስጥ የሚያስበላ። ሰውነቴ የራሱን ማምረት ትቶ በዚያ ስለተደገፈ፣ ሲቋረጥበት ነው የወደቅሁት። እኔ በምጨፍርበት ጊዜ አጥንቶቼ ከውስጥ እየተበሉ ነበር።

በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። መገጣጠሚያው የሚቆጣበት፣ የሚያብጥበት፣ ኋላም የሚበላበት ሕመም ነው። ምን ነክሶኝ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ማንም አልነከሰዎትም፣ ራስዎ ነዎት አለኝ። ግራ ገባኝ። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ ሰውነት ውስጥ በሽታን የሚጠብቅ ኃይል አለ፤ እንደ ቤት ውሻ ነው። ጥሩ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይነክሳል፣ የቤቱን ልጆች ግን ጆሮውን ቢጎትቱት እንኳን ይታገሳል። ይህንን ትዕግሥቱን ገና ከሕፃንነታችን ሰውነታችን ያስተምረዋል። የእኔ ውሻ ያንን ትምህርቱን ረስቶ የቤቱን ልጆች መንከስ ጀምሯል። ይሄ በአንድ ቀን የሚሆን ነገርም አይደለም፤ እጅ ሳያብጥ ከዓመታት በፊት ውሻው ማጉረምረም ይጀምራል፣ ያም ደም ውስጥ በምርመራ ይታያል። እኔ የደረስኩት ከነከሰ በኋላ ነው።

መድኃኒት ተጀመረልኝ። ስሙን አላጽፍም፤ ሰው ሄዶ እንደ እኔ በራሱ እንዳይገዛው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፤ በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞትበት ይችላል፣ ለእርጉዝ ክልክል ነው፣ ደምም እየተመረመረ ነው የሚወሰደው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብለን ቆረጥን፤ ሁሴን ራሱ ከመስጊድ ሲመለስ ይሰጠኛል። ቶሎ አልሠራም። ሳምንቱ ሳምንትን እየተካ ሄደ፣ እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፣ እነሱ ግን መስጠታቸውን አልተዉም። ከወራት በኋላ ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን ራሴ አጠለቅኩ፤ ካጠለቅኩት በኋላ ነው ልብ ያልኩት። የተበላው አጥንት አልተመለሰም፤ እሳቱ ግን በረደ። ከዚህ ወዲያ ታሪኬ አለቀ ብዬ ነበር።

የዚያን ሰሞን ለቀጠሮ ስሄድ ሀያት ከሥራ በቀጥታ መጥታ ያዘችኝ። ሐኪሙ እኔን እያናገረ ዓይኑ ከብናኝ ነጭ በሆነው ሽፋሽፍቷ ላይ ሆነ። ዱቄት ቤት ነው የምትሠሪው ብሎ ጠየቃት። እኔ ቀድሜ መለስኩ፤ ድንጋይ ነው፣ ወርቅ የሚወጣበት ድንጋይ፣ ደረቅ ሥራ ነው፣ ከውኃ ያወጣኋት እኔ ነኝ አልኩት፤ አፌን ሞልቼ፣ እንደ ትልቅ ነገር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እርስዎም እዚያ ሠርተዋል ወይ አለኝ። ስንት ዓመት? ሕመሙ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስመልስለት ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። የእርስዎን ያስጀመረው ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም አለኝ፤ የእናትዎ ደም አለበት፣ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ግን የድንጋይ ብናኝ ከሚጠረጠሩት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው፣ የትምባሆ ጭስም እንደዚያው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ሲቀመጥ እዚያ ያለውን የራሳችንን ሥጋ መልኩን ይለውጠዋል፤ ውሻው የተለወጠውን ሲያይ ባዕድ መጣ ብሎ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ያንን የሚመስለውን ሁሉ እጅ ድረስ ሄዶ ይነክሳል።

«ውኃውስ?» አልኩት።

«ውኃ የታመመ እጅን ያሳምማል እናቴ። ይህን በሽታ ግን ውኃ አያመጣውም።»

ሀያት ያን ጊዜ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው። እሷም ጠዋት ጠዋት ጣቷን ትንሽ ይይዛት ኖሯል። ለእኔ ሐዘን ላለመጨመር ብላ ደብቃው ነው። ይህን ስሰማ የሆንኩትን መናገር አልችልም፤ አሁንም እየጻፈችው እጇ ቆሟል። ጻፊው ሀያት።

እጇን መረመራት፤ እብጠት የለም። ደሟ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ተላከ፣ ምክንያቱም እዚህ የማይሠራ ምርመራ ነው። ውጤቱን ስንጠብቅ ቆየን። መጣ። ምልክቱ ደሟ ውስጥ አለ፣ ያውም ከፍ ብሎ። ውሻው ማጉረምረም ጀምሯል፤ ገና አልነከሰም። እንዳይነክስ የሚያደርግ መድኃኒት የለም ወይ አልኩት። ውጭ አገር ውሻውን መልሰው ቤተሰቡን ለማስለመድ እየሞከሩ ነው፣ ለአንዳንድ ሰው ጊዜ ያራዘመላቸውም አለ፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም አለኝ። አሁን በእጃችሁ ያለው ይሄ ነው አለ፤ አቧራው ይቅር፣ ጭስ አይጠጋት፣ ጥርሷንና ድዷን ትጠብቅ፣ አንድ አንጓ ካበጠ በዚያው ቀን ትምጣ። አንዳንዱ ሰው ምልክቱ እያለው ሳይታመም ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ ይታመማል። እሷ ከየትኛው እንደሆነች አላውቅም አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አከበርኩት፣ ጠላሁትም።

ቤት እንደገባን ከነገ ጀምሮ ወፍጮ የለም አልኳት።

«ያንቺን መድኃኒት ማን ይገዛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሁሴን እርሻ ለአፋችን ነው። መድኃኒቱ አሶሳ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ በሰው እጅ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም የሚችሉት አይደለም። የእኔን እጅ የሚያድነው መድኃኒት የሚገዛው የእሷን እጅ በሚበላው አቧራ ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አባቷ ተቆጣት። በሻሽ እሸፈናለሁ አለች። ሐኪሙ ሻሽ ያንን ብናኝ አይይዘውም ብሏል። ጠዋት ተነስታ ሄደች።

እኔም ተነስቼ ተከተልኳት። ወፍጮው ጋ ደርሼ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልታደርጊ ነው አለችኝ። ምንም፣ አንቺ የምትስቢውን ልስብ ነው የመጣሁት አልኳት። ሞተሩ ተነሳ፣ ደመናው ሸፈነን። የወፍጮው ባለቤት መጥቶ «እትዬ ሰዓዳ፣ ይሄ ለእርስዎ ቦታ አይደለም» አለኝ። ለልጄ ቦታ ከሆነ ለእኔም ቦታ ነው አልኩት። አብረዋት የሚነፉት ልጆች አፈሩ፣ አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱም ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ። ነፊሳ ወሬው ደርሷት መጣችና አጠገቤ ዘፍ አለች። «እኔ ነው ውኃ ነው ያለ። እኔም ቁጭ» አለች። ሳቅ ያዘኝ፣ ሳቁ ሳል ሆነ።

አቧራውም ቅዝቃዜውም መሬት ላይ መቀመጡም ተደራርቦ ሕመሙ ተነሳብኝ። ጉልበቴ አበጠ። ሀያት ዓይኗ እያየ ነው፣ ግን እልኸኛ ናት፤ የማን ልጅ ናትና። አንድ ከሰዓት በኋላ ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ዱቄቱ ውስጥ በአፌ ተደፋሁ።

«ተነሽ እማ» አለችኝ።

«አንቺ ስትወጪ» አልኳት።

ወንፊቱን ጣለችው። ዘንበል ብላ አዘለችኝና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኝ ነበር፤ አላባበልኳትም። ወደ ወፍጮው አልተመለሰችም።

ከነፊሳ ጋር ወንዝ ወረደች። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ልጄ እስከ ጉልበቷ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስትገባ አየሁ፤ አእምሮዬ የሐኪሙን ቃል ያውቃል፣ አንጀቴ ግን አይሰማም። ከገበቴው የሚገኘው ከወፍጮው ጋር አይተካከልም። ያን ክረምት መንገዱ ተዘጋ፤ በአውሮፕላን የሚመጣውን መድኃኒት መግዛት አልቻልንም። ዓርብ እየመጣ አለፈ። ሁሴን ከመስጊድ ባዶ እጁን እየገባ ፊቴን ማየት አቃተው። እሳቱ ተመለሰ። ቀኝ እጄ ላይ ሦስቱ ጣቶቼ ወደ ጎን ተጣመው በዚያው ቀሩ። አልዋሽም፤ ሌሊት ሕመሙ ሲበረታ ምናለ ወፍጮው ጋ ትንሽ ጊዜ ብትሠራ ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ። ሀያት፣ ይህንንም ጻፊው።

መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ ዛሬ እየተራመድኩ፣ በግራ እጄ እየበላሁ ነው። ሐኪሙ ጣቶቼን አይቶ በጣም ተቆጣ፤ መድኃኒት እንዴት ይቋረጣል፣ ለምን መጥታችሁ አልነገራችሁኝም፣ የምንረዳበት መንገድ እንፈልግ ነበር አለ። እውነቱን ነው፤ እናንተ እንደ እኔ አታድርጉ፣ ሲቸግራችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ። እነዚህ ጣቶች አይመለሱም አለኝ። ተዋቸው፣ ይሄንን እየው ብዬ የሀያትን እጅ ስቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንጓ በአንጓ ተጫነ። ያምሻል? አያመኝም። እዚህስ? አያመኝም። የጠዋቱም ቀለል ብሎላታል። ለአሁኑ ደህና ነው አለ። ለአሁኑ የምትለዋን ቃል እኔም ሰምቻታለሁ።

አሁን ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምላት «ጨብጪ» ነው። ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱንም እጆቿን ፊቴ ላይ ትጨብጣለች፤ አንዳንድ ቀን ለቀልድ ስትዘገይብኝ እሰድባታለሁ። ዕድሜ ልኳን ሳይነክሳት ይኖር እንደሆነ እኔም፣ ሐኪሙም፣ እሷም አናውቅም። አንድ ጠዋት አልጨበጥ ያላት እንደሆነ ግን ታይፎይድ ነው፣ ውኃ ነው የሚላትን ሰው ቆማ አትሰማም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንገባለን። እኔ ዓመታት ዘግይቼ ነው የደረስኩት። እሷ አንድ ቀን አትዘገይም።